ለአንድ ወንበር ሁለት እህትማማቾች

ሰኞ፣ ጥር 5

እግሬ እሳት እየነደደበት ነው የምጽፈው። ሰኞ ገበያ ይቀዘቅዛል ሲባል ነው የኖርኩት፤ ዛሬ ግን የሰው ጫማ ሁሉ ባንዴ ያለቀ ይመስል ሱቁ ጢም ብሎ ዋለ። ሶሌ ጓዳ ገብታ ሳጥን ታወርዳለች፣ እኔ ተንበርክኬ አለካለሁ፣ ባለሱቁ ጋሼ ገንዘብ መቀበያው ጋ ተቀምጠው “ቶሎ ቶሎ በሉ እንጂ!” ይላሉ። (ሶሌ አጭር ናት፤ ወፍራም ሶል ካልተጫማች ከቤቷ አትወጣም። ትክክለኛ ስሟን ደንበኞች አያውቁትም።)

ከሰዓት አንዲት ሴትዮ እሳት ጎርሳ ገባች። ባለፈው ሳምንት የገዛችው ጫማ ግራ እግሯን ልጦታል። ጋሼ “የተሸጠ አይመለስም” ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ቀደም አልኩና ወንበር ሰጠኋት። እግሯ አብጧል፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚሠራ ሰው እግር ነው። “እርስዎም ጫማውም ጥፋት የለባችሁም፤ ግራዎ ከቀኝዎ ትንሽ ይሰፋል። በእንጨት ወጥሬ ላሳድረውና ነገ ይውሰዱት” አልኳት። ንዴቷ እንደ ፊኛ ተነፈሰ።

ስትወጣ በሩ ላይ ቆም አለች። “የሆስፒታል አልጋና ተሽከርካሪ ወንበር የምናስመጣ ድርጅት ውስጥ ነው የምሠራው። ሲበላሽም እንጠግናለን። የሚጮህ ሰው ሲደውል አብሮ የማይጮህ፣ ጠጋኞቹን በጊዜ የሚልክ ሰው አጥተናል። ማስታወቂያ ለጥፈናል።”

“እህቴ እኮ በማኔጅመንት ተመርቃለች!” አልኩ፤ ከአፌ አመለጠኝ።

ትክ ብላ አየችኝ። “እኔ ስለ እህትሽ አላወራሁም። ግን እሷም ታመልክት።”

ለትንሿ እህቴ እንዴት ያለ ዕድል ነው! መንገዱን ሁሉ እየሮጥኩ ገባሁ።

ማክሰኞ፣ ጥር 6

ትላንት ትንሿ ተኝታ ስለደረስኩ ዛሬ ነገርኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር፤ አልዞረችም።

“እሺ፣ አየዋለሁ።”

“ማየት ምን ያደርጋል? ተነሺና ጻፊ እንጂ።”

“እሺ አልኩሽ እኮ እታለም።”

ይኸው ስንት ጊዜዋ፣ ከተመረቀች ጀምሮ ቤት ናት። መጀመሪያ መጀመሪያ በየቀኑ ትወጣ ነበር። አሁን ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ጣሪያ ታያለች። ፀጉሯን ካበጠረች ሰነበተች። ዛሬ ምሳዋ እንደተከደነ አገኘሁት። ተሞላቃለች። ማን ከልክሏት!

እማዬ ደግሞ ከወጥ ቤት ሆና፣ “ዲግሪ ይዛ ስልክ ልታነሳ?” አለች። የምርቃቷ ፎቶ ከእማዬ አልጋ በላይ ነው የተሰቀለው፤ በየሳምንቱ በጨርቅ ትወለውለዋለች። እኔ አባዬ ሲሞት ከአሥረኛ ክፍል ወጥቼ ጫማ ሱቅ ባልገባ ኖሮ ያ ፎቶ አይነሳም ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ቆጥሬባትም አላውቅም።

ዓርብ፣ ጥር 9

ማመልከቻውን በስንት ልመና ጻፈች። ስልኳ ስለተሰበረ የእኔን ቁጥር ጻፈች። ለመውሰድም እግሯ አልነሳ ስላለ በምሳ ሰዓቴ እኔው አደረስኩላት።

ሕንፃው አዲስ አይደለም፣ ግን ንጹሕ ነው። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሦስት ሰዎች ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ አድርገው ተቀምጠው ይሠራሉ። ተቀምጠው! መስኮቱ ላይ አበባ ተተክሏል። አንዷ እያወራች ውኃ ታጠጣዋለች።

ሴትዮዋ ወረቀቱን ተቀብላ ወደ እጄ አየች። “የአንቺስ?”

“እኔ ዲግሪ የለኝም።”

“ማስታወቂያውን አንብቢው።”

በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። “ዲግሪ ወይም ተመጣጣኝ የሥራ ልምድ” ይላል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ሰዓት ሞላብኝና እየሮጥኩ ወደ ሱቅ ተመለስኩ። ጋሼ ሰዓታቸውን አዩ።

ረቡዕ፣ ጥር 14

የራሴን ማመልከቻ አስገባሁ። እንዲያው ለሙከራ ነው። እኔን ማን ይጠራኛል? ስለዚህ ለቤት ሰው መንገርም አያስፈልግም፤ ባልጠራ መሳቂያ ከምሆን።

ከዳቦ ቤቱ በላይ ያለው የኮምፒውተር ትምህርት ቤት ከሥራ በኋላ እየሄድኩ ነው። አስተማሪው፣ “እህቴ፣ ቁልፉን እንደ ጫማ አትጫኚው፤ ንኪው ብቻ” አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ጫማ ሻጭ መሆኔን እንዴት አወቀ?

ሰኞ፣ ጥር 19

የለም። አልደወሉም።

ሶሌ ስልክ በጠራ ቁጥር እየዘለልኩ እንደማነሳ አይታ “ባል አገኘሽ እንዴ?” ትለኛለች። ጋሼ አዲስ ዕቃ አስገቡ፤ ሳጥን ስንቆልል ወገቤ ተቆረጠ።

እማዬ ለጎረቤታችን ስታወራ ሰማሁ። “ለትልቋ አላስብም፤ እሷ አንዴ ሱቁ ይዟታል። የማስበው ለትንሿ ነው።”

አንዴ ይዞኛል።

ዓርብ፣ ጥር 23

ደወሉ! አንድ ሰውዬ ጫማ እየሞከረ፣ አንድ እግሩ በእጄ እንዳለ። የድርጅቱ ጸሐፊ ነች። ረቡዕ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ለፈተና እንድመጣ።

ከዚያ፣ “እህትሽም አልፋለች፤ በዚሁ ስልክ ስለሆነ ያመለከተችው ለእሷም ንገሪልን። ቦታው ግን ለአንድ ሰው ነው” አለች።

“እሺ፣ እነግራታለሁ” አልኩ።

ሰውዬው “እግሬን ልትመልሽልኝ ትችያለሽ?” አለኝ፤ ጨብጬው ቀርቼ ነበር።

ማታ እነግራታለሁ። እኔም ማመልከቴን አብሬ መንገር አለብኝ፤ እሱ ነው ትንሽ የሚያስቸግረው። እማዬ ምን ትላለች?

ቅዳሜ፣ ጥር 24

ትላንት ስገባ ተኝታ ነበር። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ሱቅ እስክንዘጋ ትንፋሽ አላገኘሁም። ነገ ረጋ ብዬ።

እሑድ፣ ጥር 25

እንግዳ መጣብን። የእማዬ እህት፣ አክስቴ፣ ከሌላኛው ሰፈር መጥታ ዋለች። እናቶቻቸው ሥራ የሚውሉ ሕፃናትን በቤቷ ትጠብቃለች፤ ወሬዋ ሁሉ የልጅ ጉድ ነው፣ ታስቃለች። ትንሿን አገጯን ይዛ ቀና አደረገቻትና፣ “ይቺ ልጅ ምን ሆናለች?” አለች።

“ምንም። እንቅልፍ ነው” አልኩ እኔ።

አክስቴ አገጯን አልለቀቀችም። በእንግዳ ፊት ደግሞ የሥራ ነገር አይነሳም።

ማክሰኞ፣ ጥር 27፣ ማታ

ዛሬ ለመንገር ቆርጬ ገባሁ። ትንሿ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ነቅታ። አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንዴት እንደምጀምር ጠፋኝና፣ “ፀጉርሽን ልሥራልሽ?” አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ብዙ አየችኝ። “እሺ” አለች።

ፈታሁላት፣ ቀባሁላት፣ ሠራሁላት። ልጅ ሆና ትምህርት ቤት ልልካት ስል እንደማደርገው ጉልበቴ መሐል አስቀምጬ። አንገቷ ቀጥኗል። አንድ ሁለቴ አፌን ከፈትኩ። እማዬ ወጣች፣ ገባች። መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። እንዲህ እንዲህ እያለ መሸ።

“ጨረስሽ?” አለችኝ።

“ጨረስኩ።”

“ሌላ ነገር የለም?”

“ምን ሌላ ነገር?”

ተጋደመች። አሁን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች። ሰው ከእንቅልፉ ተቀስቅሶ ነገ ፈተና አለብሽ ቢባል ምን ይጠቅመዋል? ተደናግጣ ነው የምትሄደው። ጠዋት ብነግራት ይሻላል። ጠዋት ጭንቅላት ንጹሕ ነው።

ረቡዕ፣ ጥር 28

ጠዋት ተኝታ ነበር። ጥድፊያ ሆነብኝና ረሳሁት። እውነቴን ነው፣ ከጭንቀት ብዛት የራሴንም ስም ረስቼ ነበር። የእሷን ሰማያዊ ቀሚስ ለበስኩ፤ የእኔ ልብሶች ሁሉ ጉልበታቸው አልቋል። እንቅልፏን ላለመረበሽ አልጠየቅኳትም።

ለጋሼ ጥርሴን አሞኛል አልኩ።

ፈታኞቹ ሦስት ናቸው። ሴትዮዋ ለካ ኃላፊዋ ናት። ከጎኗ ክራቫቱ ልክ በልክ የሆነ ወጣት። ሦስተኛው ሽማግሌ ጠጋኝ፣ ጥፍሩ ውስጥ ግራሶ ያለበት።

ጸሐፊዋ መጀመሪያ በር ላይ፣ “እህትሽስ?” አለችኝ።

“አሟታል” አልኩ። ደግሞ ውሸት አይደለም፤ ሰሞኑን መልኳ ልክ አይደለም።

የኮምፒውተሩን ጽሑፍ ግማሹን እንኳ አልጨረስኩም። ወጣቱ “ትምህርት?” ሲለኝ “አሥረኛ” አልኩ፤ ብዕሩን አስቀመጠ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ሽማግሌው፣ “እኔ ነርስ ነኝ እንበል፤ አልጋው አልነሳ አልወርድ ብሎኛል” ብሎ ሙልጭ አድርጎ ይሰድበኝ ጀመር። የት እንዳለሁ ረሳሁ። “በሽተኛው አሁን አልጋው ላይ ነው ወይስ አውርዳችሁታል?” አልኩት። ስድቡን አቆመና ኃላፊዋን አያት።

ግን አበላሸሁት። “በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰው ይደርስልዎታል” አልኩ። ወጣቱ፣ “ጠጋኙ የት እንዳለ ሳታውቂ? ሱቅ ውስጥ ለደንበኛ ደስ የሚለውን መንገር ይቻል ይሆናል። እዚህ ሰው ይጠብቃል” አለኝ።

ስመለስ ትንሿ አልጋዋ ላይ አልነበረችም። ከውጭ ስትገባ አገኘኋት። ጫማዋ አቧራ ለብሷል።

“የት ሄደሽ ነበር?”

“አየር ልቀበል።”

እኔ ቀሚሷን ለብሼ ቆሜያለሁ። አየችው። አልፋኝ ገባች። እሰይ፣ ቢያንስ መውጣት ጀመረች።

ሐሙስ፣ ጥር 29

ጋሼ፣ “ጥርስሽ እንዴት ነው?” ሲሉኝ የቱን ጥርስ ብዬ ልመልስ ነበር።

ቢነግሯትም አትሄድም ነበር። ሦስት ቀን ለምኜ ያጻፍኳት ልጅ ለፈተና ትነሳለች? ደግሞ ጸሐፊዋ እኮ ስልኩ እየተቆራረጠባት ነበር፤ ስለ እህቴ ያለችው በደንብ አልተሰማኝም።

ተሰምቶኛል።

ረቡዕ፣ የካቲት 5

አለፍኩ። አለፍኩ። አለፍኩ።

ሦስት ወር ለሙከራ፣ ከዚያ ቋሚ። ጓዳ ገብቼ ሳጥኖቹ መሐል አለቀስኩ። ሶሌ አቀፈችኝና እሷም አለቀሰች፤ ለምን እንደሆነ ሳይገባት። ስነግራት፣ “እኔንስ ለማን ትተሽኝ?” ብላ በጫማ ሳጥን መታችኝ።

ሐሙስ፣ የካቲት 6

ለጋሼ ነገርኩ። መደርደሪያው ላይ ያልተጣመመ ጫማ ማቃናት ጀመሩ።

“አሥራ አንድ ዓመት ልጄ ነሽ ብዬ…” አሉና አልጨረሱትም። ሲቆዩ ደግሞ፣ “ከምሩቅ ጋር ተቀምጠሽ ምን ልታወሪ ነው? ቢያባርሩሽ ቦታሽን አልጠብቅልሽም” አሉኝ። ማታ ስንዘጋ ግን መጋረጃውን እኔ እንድስብ አልፈቀዱም፤ ራሳቸው ሳቡት።

ቤት ነገርኩ። እማዬ እልል ልትል አፏን ከፈተችና ወደ ትንሿ አይታ ዘጋችው። “የቱ ሥራ? ለትንሿ ያልሽው ነው?”

“ሌላም ቦታ ነበራቸው” አልኩ።

ትንሿ ተነሥታ ጉንጬን ሳመችኝ። “እንኳን ደስ አለሽ እታለም።” ከንፈሯ ቀዝቃዛ ነበር። ለእኔ ከልቧ ነው የተደሰተችው። ከልቧ ባይሆን ትስመኛለች?

ሰኞ፣ የካቲት 17

የመጀመሪያ ቀን። ማዳመጫው ጆሮዬን ይጠብቀኛል። ተቀምጬ መዋል እንደዚህ የሚደክም አይመስለኝም ነበር። አንድ ሰው ሲገባ ብድግ አልኩና፣ “ምን ልርዳዎት?” አልኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ ነበረች።

ክራቫታሙ ወጣት ከመስኮቱ አጠገብ ይቀመጣል። ስልክ ላይ፣ “አዲሷ ጫማ ሻጯ” ሲል ሰማሁት። ስድብ አይደለም። ጫማ ሻጭ ነበርኩ።

ረቡዕ፣ የካቲት 19

ሰባት ጊዜ ስልክ ቆረጥኩ። በስህተት። የአንዱን ጠጋኝ ስም ከሌላው ጋር። ራሴን ያመኛል። ትንሿ ዛሬም አልበላችም፣ እማዬ “ለምኛት” ትለኛለች፣ እኔ መቼ ልለምን፣ በየትኛው ጉልበቴ።

ሰኞ፣ የካቲት 24

አጠፋሁ። ትልቅ ጥፋት።

ከአንድ ሆስፒታል ነርሷ ደወለች። ቀዶ ጥገና የተደረገላት አሮጊት አልጋ ከወገቡ ተጣጥፎ ቀርቷል። በሽተኛዋን ወንበር ላይ አስቀምጠዋታል። ነርሷ ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሳዘነችኝና፣ “በአንድ ሰዓት ውስጥ ይደርስላችኋል” አልኳት። አፌ ለምዶበት። ሽማግሌው ጠጋኝ ለካ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነው ያለው፤ መኪናውም መንገድ ላይ ቆሟል። አሮጊቷ ግማሽ ቀን ወንበር ላይ ዋለች። እኔ እውነቱን ብናገር ኖሮ ከሌላ ክፍል አልጋ ይፈልጉላት ነበር።

ኃላፊዋ አልጮኸችብኝም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። “ሰውን ለማስደሰት ብለሽ እውነቱን ስታስቀሪ፣ የምታስደስቺው ራስሽን ነው” አለችኝ። “ነርሷን አንቺው ደውለሽ አናግሪያት።”

ደወልኩ። ሰደበችኝ። አዳመጥኩ።

ይሄ ሥራ የእኔ አይደለም ይሆናል። የሌላ ሰው ወንበር ላይ ነው የተቀመጥኩት።

ዓርብ፣ የካቲት 28

እንዴት ብዬ እንደምጽፈው አላውቅም። እንደሆነው ልጻፈው።

ደክሞኝ ስገባ የጠዋቱ ዕቃ እንደተከመረ ነው። እማዬ ምድጃው ጋ ናት። ትንሿ ተኝታለች። ሳምንቱን ሙሉ የዋጥኩት ሁሉ ባንዴ ወጣ። “አንቺ ግን አታፍሪም? እኔ በአሥረኛ ክፍሌ ከሰው ጋር እየታገልኩ፣ አንቺ በዲግሪሽ ተጠቅልለሽ ትተኛለሽ! ሥራ እቤትሽ ድረስ ቢመጣልሽ እንኳ አትነሺም!”

ቀስ ብላ ተነሥታ ተቀመጠች። “መጥቶልኝ ነበር እኮ” አለች።

“ምን?”

“በእማዬ ስልክም ደውለው ነበር። ማመልከቻው ላይ ሁለተኛ ቁጥር ብዬ የእሷንም ጽፌ ነበር። ያነሳሁት እኔ ነኝ። ረቡዕ፣ አራት ሰዓት። እህትሽም አለች አሉኝ። ደስ አለኝ እታለም፤ አብረን እንሄዳለን አልኩ።”

ቦርሳዬን መሬት አስቀመጥኩ።

“ዓርብ ማታ ትነግረኛለች አልኩ፣ የተኛሁ መስዬ ጠበቅኩሽ። ቅዳሜ ጠበቅኩሽ። ማክሰኞ ማታ አጠገቤ ተቀምጠሽ ፀጉርሽን ልሥራልሽ ስትይኝ፣ በቃ አሁን ነው አልኩ። ሌላ ነገር የለም ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ እኮ! ከዚያ በላይ ምን ልበል?”

“ረስቼው…” አልኩ።

“ጠዋት ቀሚሴን ስትወስጂ ነቅቼ ነበር። ተከትዬሽ መጣሁ። ፊት ለፊት ጎማ የሚጠግኑበት ጋ ቆምኩ። ስትገቢ አየሁሽ። ልግባ አልኩ፣ እግሬ እንቢ አለኝ። ስንት እንደዚያ ዓይነት ክፍል ገብቻለሁ፤ ስንቱ ‘እንደውልልሻለን’ ብሎኛል። ብገባም አላልፍም ነበር፣ መናገር ሁሉ ጠፍቶብኛል። ግን እሱ የእኔ ነው። ያንቺ ደግሞ ያንቺ ነው።”

አልጮኸችም። አላለቀሰችም። እኔ ነኝ ያለቀስኩት፤ እሱም አሳፈረኝ።

እማዬን ዞር ብዬ አየኋት። ምድጃውን አጠፋች። “ሁለታችሁም ከአንድ ሆድ ነው የወጣችሁት፤ ለማን ልፍረድ?” አለችና ገብታ በሩን ዘጋች። ራት የበላ የለም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 29

ትንሿ ወደ አክስቴ ቤት ሄደች። አንዲት ትንሽ ሻንጣ። ልሸከምልሽ አልኳት፣ “ቀላል ናት” አለች።

ረቡዕ፣ መጋቢት 3

እማዬ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ትሄዳለች። “ጨው በቃሽ?” ከሚለው በስተቀር ቃል አልተለዋወጥንም።

ሥራ ላይ ዛሬ አንድ ነርስ፣ “መቼ ትደርሱልኛላችሁ?” ሲል፣ “አላውቅም፤ ጠጋኙን አግኝቼ እውነተኛውን ሰዓት መልሼ እደውልልዎታለሁ” አልኩት። ተናደደ። መልሼ ደወልኩና ነገርኩት። አመሰገነኝ።

ለሰው እንዲህ ቀላል ነው። ለቤቴ ነው ያቃተኝ።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

አክስቴ በምሳ ሰዓት ደወለች። ሰላምታም አላስቀደመች።

“ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ድባቴ ነው አለ። መድኃኒት ጀምራለች፣ ሐኪሙ ጋ እየሄደችም ታወራለች። ልጅቷ ታማ ነበር እኮ! ሁለት ሴቶች አንድ ቤት ተቀምጣችሁ አታዩም?”

“እንቅልፍ መስሎኝ…”

“መስሎሽ! አንቺም መሰለሽ፣ እናትሽም መሰላት። አሁንማ ከሕፃናቱ ጋር ትነሳለች። ትላንት አንዱ ገንፎ ራሷ ላይ ደፍቶባት ሳቀች። ድምፅዋን ሰምቼ ከጓዳ ሮጬ ወጣሁ።”

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ማዳመጫውን አደረግኩ። መስመሩ ላይ ሰው ነበር። “ሃሎ? ሃሎ?” እያለ። አንገቷ መቅጠኑን እኮ በእጄ ዳስሼ አይቼዋለሁ። አይቻለሁ፣ ጽፌዋለሁም። “አሟታል” ብዬ በአፌ ለጸሐፊዋ የተናገርኩትም እኔ ነኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ኃላፊዋ ጠርታኝ፣ “ሦስት ወሩ እስኪሞላ መጠበቅ አያስፈልገኝም። ትቀጥያለሽ” አለችኝ። ያቺ የሰደበችኝ ነርስ ስትደውል እኔን ጠይቃ ነው ለካ የምታወራው። ክራቫታሙም እጄን ጨበጠኝ፤ “ጫማ ስገዛ አብረሽኝ ትመጫለሽ” አለኝ። ሳቅኩለት።

ለአሥራ አንድ ዓመት የተመኘሁትን ሰምቼ በደረጃው ስወርድ ለማን እንደምነግር አሰብኩ። ቤት ገብቼ ስነግራት እማዬ፣ “እሰይ” አለች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ። ቆይታ ግን ዞረች። “እሑድ እህትሽ ጋ ሂጂ። እኔ ትላንት ሄጄ ነበር።”

“ምን አለችሽ?”

“ይቅርታ ጠየቅኋት። እናት ልጇን ይቅርታ ስትጠይቅ አይተሽ ታውቂያለሽ? ይኸው እኔ ጠየቅኩ።” ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

እሑድ፣ መጋቢት 14

ሄድኩ።

አክስቴ ግቢ ውስጥ እናቶቻቸው እሑድም የሚሠሩ አራት አምስት ሕፃናት ይሯሯጣሉ። ትንሿ ቧንቧው ጋ ቁጢጥ ብላ የፕላስቲክ ኩባያ ታጥባለች። ፀጉሯን ራሷ ሠርታዋለች፣ ተንጋዷል። ፊቷ ትንሽ ሞላ ብሏል። አየችኝ፣ ማጠቧን አላቆመችም።

በመንገድ ላይ ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር። ሱቁ ሞልቶ እንደነበር፣ እንግዳ እንደመጣብን፣ መብራቱ እንዳስቸገረን፣ አሥራ አንድ ዓመት ተንበርክኬ እግር ስለካ እንደኖርኩ። አጠገቧ ቁጢጥ ስል ሁሉም ከአፌ ላይ ጠፋ።

“አልረሳሁም” አልኳት። “አንድም ደቂቃ አልረሳሁትም። ሆን ብዬ ነው። አንቺ ከገባሽ እኔን አይወስዱኝም ብዬ ነው።”

እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ። አንድ ሕፃን መጥቶ ኩባያ ሲጎትት ለቀቀችለት።

“ስለ ወንበሩ አልነበረም እኮ” አለች ቆይታ። “ብትነግሪኝ ‘ሂጂ፣ ያንቺ ነው’ ነበር የምልሽ። ያንን እንድልሽ እንኳ አልፈቀድሽልኝም።”

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችም፤ እኔም በይኝ አላልኳትም። ፎጣውን ወረወረችልኝ። እሷ ስታጥብ እኔ ሳደርቅ ቆየን።

“ሥራው ከባድ ነው?” አለችኝ።

“ከባድ ነው። አንዳንድ ቀን ቁርስ ሳይወርድልኝ ነው የምሄደው። ግን ቋሚ ሊያደርጉኝ ነው።”

“ጎበዝ።” ኩባያ አቀበለችኝና፣ “እዚህ ደግሞ አንዱ ይነክሳል” አለች። ክንዷን አሳየችኝ፤ የጥርስ ምልክት አለበት። ሳንፈልግ ሁለታችንም ሳቅን፤ እሷ ቀድማ አቆመች።

እናቶቹ እየመጡ ልጆቻቸውን ሲወስዱ መሸ። ቤት አብረን እንሂድ ልላት ፈልጌ ነበር፤ ገባትና፣ “ገና ነኝ” አለችኝ ሳልጠይቃት። እስከ በሩ ሸኘችኝ። ልስማት ጠጋ ስል ጉንጯን አልሰጠችኝም፣ አልሸሸችኝምም፤ እንዲያው ቆመች። መንገድ ከጀመርኩ በኋላ ነው የጠራችኝ።

“እታለም! በሚቀጥለው እሑድም እዚሁ ነኝ።”